ከፖስተሩ ጠርዝ ውጭ የቀረው ማን ነው?



ይህን ማኒፌስቶ ስትቀበሉ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ሽፋኑ ላይ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ የምናቀርባቸው እጩዎች ተደርድረው ፈገግ ብለዋል፤ ከጀርባቸው የእንጦጦ ተራራ አረንጓዴ ለብሶ ይታያል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኑሮ ውድነት የምንለውን በየገጹ ከማንበባችሁ በፊት ስለዚያ ፎቶግራፍ አንድ ነገር ልንነግራችሁ ይገባል።

ፎቶግራፉ የተነሣው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ማለዳ ነበር። ፎቶ አንሺው እጩዎቻችንን አሰልፎ ብርሃኑን ሲያስተካክል ከባሕር ዛፉ መሐል ሁለት እናቶች የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ጀርባቸው ላይ አድርገው ወጡ። ጎንበስ እንዳሉ ከእጩዎቹ ኋላ አልፈው ቁልቁል ወደ ከተማው ወረዱ። እንዳጋጣሚ ሆኖ በዚያ ጠዋት ከተነሡት ፎቶዎች ሁሉ ያማረው እነሱ የገቡበት ሆነ።

በኮሚቴያችን ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ «በኮምፒዩተር ይጥፉልን፤ ሰው የድህነት ሥዕል ማየት ሰልችቶታል» አለ። ሌላው «እንዲያውም ጎልተው ይታዩ፤ በየስክሪኑ የሚታየውን ልማት ከዚህ በላይ የሚያጋልጥ ምን ማስረጃ አለ?» ሲል መለሰ። እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያደገች አንዲት የኮሚቴው አባል «ለመሆኑ እነሱን የጠየቀ አለ?» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ፎቶ ተመረጠ፤ ሽፋኑ ላይ የምታዩት እሱን ነው። ተራራው አለ፣ እናቶቹ የሉም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የምርጫ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም። መራጩ ማስታወቂያ ሲያይ «ይኼ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ ይጠይቃል። የሽፋናችን ፎቶ እውነት ነው፤ ተራራውም፣ እጩዎቹም፣ ማለዳውም እውነት ናቸው። እውነት ሆኖ ሳለ ግን ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ መከተል አለበት፦ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ የቀረው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ገዥው ፓርቲ በሚለጥፈው ላይ ብቻ ሳይሆን እኛ በምንለጥፈውም ላይ እንድታነሡት እንፈልጋለን። የራሱን ማስታወቂያ መመርመር ያቃተው ፓርቲ ነገ የመንግሥትን ሒሳብ ይመረምራል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ከምልክቱ እንጀምር። በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከስም ጎን ምልክት የሚቀመጠው ማንበብ የማይችለው ዜጋም የመረጠውን እንዲለይ ነው። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1951 እና 1952 የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫቸውን ሲያካሂዱ ከመራጩ የሚበዛው ፊደል ያልቆጠረ ስለነበረ ለየፓርቲው ምልክት ሰጡ፤ ዛሬም ይሠሩበታል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2005 ረቂቅ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ስታቀርብ «እደግፋለሁ» የሚለው በሙዝ፣ «አልደግፍም» የሚለው በብርቱካን ተወከለ። ብርቱካን አሸነፈ፤ ከዚያም የአንድ ትልቅ የፖለቲካ ንቅናቄ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አንድ ሙሉ ሕገ መንግሥት በሁለት ፍሬ ተተካ ማለት ነው።

በእኛም አገር ኢሕአዴግ ንብን፣ ቅንጅት በ1997 ሁለት ጣትን፣ ብልጽግና ፓርቲ በ2013 አምፖልን ይዘው ቀረቡ። ንብ ትጉህ ናት፣ ማር ትሰጣለች፤ ስለ መናደፏ ፖስተሩ አያነሣም። አምፖል ብርሃን ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ለሚፈልገው ሰፈር ግን ሌላ ነገርም ያስታውሳል። ሁለት ጣት ድል ነው፤ ከድሉ ማግሥት ምን ይደረጋል ለሚለው ሁለት ጣት መልስ የለውም።

ቢሆንም የሁለት ጣት ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ በአገራችን የምርጫ ታሪክ እንደዚያ የሠራ ምልክት የለምና። ንብን ለማሳየት ወረቀት፣ ቀለምና ማተሚያ ቤት ያስፈልጋል። ሁለት ጣት ግን ማተሚያ ቤት አይጠይቅም። ከሚኒባስ መስኮት ይወጣል፣ ከሾላ ገበያ መደብ ኋላ ይነሣል፣ ሕፃን ልጅ ከአጥር ላይ ያሳየዋል። ምልክቱን ያየ ሰው ወዲያው መልሶ ሊያሳየው ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ከተመልካችነት ወጥቶ ቀስቃሽ ይሆናል። ገንዘብ ያልነበረው ጎራ ገንዘብ የማይጠይቅ ማስታወቂያ አገኘ። የተቀረው በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈው ክርክር ሥራ ነበር፤ ሰው በየሻይ ቤቱ ተሰብስቦ ባለሥልጣን ሲጠየቅና መልስ ሲያጣ በዓይኑ አየ።

ከዚያ ሚያዝያ 29 እና 30 መጡ። ያን ጊዜ ለአቅመ ምርጫ ያልደረሳችሁ ወጣቶች ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ቅዳሜ ሚያዝያ 29 ቀን 1997 የኢሕአዴግ ደጋፊዎች በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ወጡ። ካናቴራና ኮፍያ ታደለ፣ አደባባዩ ሞላ፣ ካሜራው ከላይ ሆኖ ቀረጸ። በማግሥቱ እሑድ ተቃዋሚዎች እዚያው አደባባይ ላይ ጠሩ፤ ከኮተቤም፣ ከቀበናም፣ ከመገናኛም ሰው በእግሩ ወረደ። አደባባዩ አልበቃ ብሎ መንገዱ ሁሉ ሞላ። ቅዳሜ ካናቴራውን የለበሰው እሑድ አውልቆት መጣ የሚለው ወሬ በየታክሲው ሲቀለድበት ሰነበተ። አንድ አደባባይ፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት ፎቶግራፍ። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ሲሰጥ በአዲስ አበባ 23ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች፣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። የቅዳሜው ፎቶግራፍ የአዲስ አበባን ልብ አላሳየም ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይለን ነበር፤ እንደ ተቃዋሚ ጎራ የምንወደው ታሪክ እስከዚህ ድረስ ያለው ነውና። ነገር ግን የእሑዱም ፎቶግራፍ ጠርዝ ነበረው። የመስቀል አደባባይ ሰልፍ የገጠሩን መራጭ አያሳይም። ምርጫ ቦርድ በመጨረሻ ያወጀው ውጤት ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 ወንበር የሚል ነበር። ያ ውጤት ተዓማኒነቱ አጥብቆ ተጠይቋል፤ ጥያቄውንም ያነሣው ተቃዋሚው ብቻ አልነበረም። ያም ሆኖ ብዙዎቻችን በየወረዳው ስንት ታዛቢ አስቀምጠናል፣ ስንት ቅጽ ሰብስበናል ብለን ከመቁጠር ይልቅ የእሑዱን ሥዕል እያየን «አገሩ በሙሉ የእኛ ነው» ብለን እንደነበር መካድ አይቻልም። ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚያሳምነው ባለቤቱን ነው። የተከተለውን ሁሉም ያውቃል፦ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በደረሰው ግጭት 193 ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በመንግሥት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። መሪዎች ታሠሩ። በ2000 «ቅንጅት» የሚለው ስም በቦርዱ ውሳኔ ለሌላ ቡድን ተሰጠ። ምልክቱን ብቻ ይዞ የቀረ መራጭ ምን እንደቀረው አስቡት።

በሰው ብዛት መታለል የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ወግ አጥባቂ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስወጣው ታዋቂ ፖስተር ጫፉ የማይታይ የሥራ አጦች ሰልፍ ያሳያል። ለፎቶው ከመቶ በላይ ሰው ይመጣል ተብሎ የመጣው 20 ያህል ብቻ ነበር፤ እነሱም ሥራ አጦች ሳይሆኑ የፓርቲው ወጣት ደጋፊዎች ነበሩ። ባለሙያው ያንኑ ሰው እያንቀሳቀሰ ደጋግሞ አነሣና አገጣጥሞ ረጅም ሰልፍ አደረገው። ፓርቲው በማግሥቱ ዓመት አሸንፎ ሥልጣን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1982 የእንግሊዝ ሥራ አጥ ከ3 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ዛሬ ለዚህ ሥራ 20 ሰውም አያስፈልግም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ቴክኖሎጂ አንድም ሰው ሳይወጣ መስቀል አደባባይን በደቂቃ ሊሞላው ይችላል።

ስለ ፊት ደግሞ አንድ ነገር እናንሣ፤ እኛም ስለ እጩዎቻችን ከረባት ግማሽ ቀን ተከራክረናልና። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ለአሜሪካ ሴኔት የተወዳደሩ ሰዎችን ፎቶ ሁለት ሁለት አድርገው ማንነታቸውን ለማያውቁ ሰዎች አሳዩና «ከሁለቱ ብቃት ያለው የሚመስለው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ከ100 ውድድር በ70 ያህሉ ብቁ ይመስላል የተባለው ፊት በምርጫውም ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። አንድ ሴኮንድ ብቻ ላየ ሰው እንኳ ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሥራውን፣ ትምህርቱን፣ ያለፈውን ሳያውቁ ማለት ነው። የኛ ሰው «መልክ አይበላም» ይላል፤ በድምፅ መስጫ ጣቢያ ግን መልክ ሳይበላ አይቀርም።

ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቴድ ብሬደር በማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1998 በተካሄደ የምርጫ ዘመቻ ወቅት የማስታወቂያውን ቃል ሳይለውጥ ሥዕሉንና ሙዚቃውን ብቻ እየለወጠ ለመራጮች አሳየ። ሕፃናት የሚስቁበት፣ ዜማው የሚያበረታታው ሰዎችን ለምርጫው አነሣሣ፤ ቀድሞ የያዙትንም አቋም አጠናከረ። ሥዕሉ የጨለመው፣ ዜማው የሚያስፈራው ግን ሰዎች አቋማቸውን እንደገና እንዲያዩና ተጨማሪ መረጃ እንዲፈልጉ አደረገ። ቀስቃሹ ሁለቱንም ያውቃል፦ ደጋፊውን በደስታ ያሞቃል፣ የሌላውን ደጋፊ በፍርሃት ያናጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመቻ አንዲት ሕፃን አበባ እየቀነጠሰች ስትቆጥር አሳይቶ የኑክሌር ፍንዳታ አስከተለ። የተቀናቃኙ ስም አልተጠራም፤ እንደ ማስታወቂያ የተላለፈውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እስከዛሬ ይወራለታል።

በእኛ አገር የፍርሃት ማስታወቂያ እንዲህ በምሳሌ አልመጣም፤ በስሙ ነው የመጣው። በ1997 ገዥው ፓርቲ በቅስቀሳው ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰለ። የዘር ፍጅት የፈጸመ ቡድን ስም ለምርጫ ተወዳዳሪ ተሰጠ። የተቃዋሚውም መድረክ ከስድብ ንጹሕ አልነበረም፤ በጅምላ ብሔርን የሚነካ ቃል ሲወረወር ዝም ያሉ አደራጆች ነበሩ። ዛሬ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ አዋጁ ሁሉንም እኩል ይመለከት እንደሆነ የምናየው በተግባር ነው።

ወደ ብሬደር ጥናት አንድ ጊዜ እንመለስ። የፈራ ሰው መረጃ ይፈልጋል ብለናል። መረጃ የሚገኝበት በር ሲዘጋስ? በአገራችን የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልዕክት ከሰኔ 1997 ጀምሮ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 መባቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። በሩ ሲከፈትም በሌላ መንገድ ይሞላል። በሰኔ 2013፣ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ የፌስቡክ ኩባንያ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር የተያያዙ ናቸው ያላቸውን 65 አካውንቶችና 52 ገጾች ማጥፋቱን አስታወቀ። የጎረቤት አስተያየት መስሎ ስልካችሁ ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ የጎረቤት አይደለም።

እስካሁን ስለ ማስታወቂያ አወራን። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማስታወቂያ መሆኑ የማይነገርለት ነው። ከመገናኛ ተነሥታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ታዩታላችሁ፦ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ፏፏቴው፣ ትልቁ ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ያው መንገድ፣ ያው መብራት፣ ያው ፏፏቴ። በ2007 ምርጫ ሰሞን ይህን ሥራ የሚሠራው ባቡሩ ነበር። ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር ገና ሙከራ ላይ ነበር፤ ተሳፋሪ የጫነው ምርጫው ካለፈ በኋላ በ2008 ነው። ሰው ያልተሳፈረበት ባቡር በቴሌቪዥን ግን ሲመላለስ ከረመ። የባቡሩ ወጪ 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ብድሩን የሚከፍለው ኢሕአዴግ አይደለም፤ ኢሕአዴግ ራሱ በ2012 ፈርሷል፣ ዕዳው ግን የአገር ነው። ከ41ዱ ባቡሮች የሚበዙት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ለመለዋወጫ የተያዘ በጀት ፎቶ አይነሣም።

በተራራችንም ላይ እንደዚሁ። የእንጦጦ ፓርክ የተመረቀው በመስከረም 2013 ነው። ለነሐሴ 2012 ተይዞ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ወደ ሰኔ 2013 ስለተሸጋገረ ምረቃው በምርጫ ዓመት ላይ መዋሉን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አንልም። ፓርኩም ክፉ ነው አንልም፤ ልጆቻችንን ይዘን ወጥተናል፣ አየሩም መንገዱም ደስ ይላል። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የእግረኛ መንገድ ማስፋቱን ማንም የሚሄድበት ያያል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የተሠራው በግብር ከፋዩ ገንዘብና በአገር ስም በተገኘ ብድር ነው፤ ለፓርቲ ውለታ የሚቆጠር ስጦታ አይደለም። የፎቶው ጠርዝም አለ። ቤቱ ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄደው ቤተሰብ፣ ደንበኛው የራቀበት ጠጅ ቤት፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዘው አባት በስክሪኑ ላይ የሉም።

የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የመንግሥትን ሀብት ለምርጫ ቅስቀሳ ማዋልን ይከለክላል። የመንግሥት መኪና ላይ የፓርቲ ፖስተር ለጥፎ የሚዞር ካድሬ ቢያዝ ነገሩ ግልጽ ነው። ሪባን መቁረጥ ግን «የዕለት ሥራ» ይባላል፤ ዜናም ሆኖ ይተላለፋል እንጂ ከፓርቲው የአየር ሰዓት ላይ አይቀነስም። ለእኛ የተመደበው ነጻ የአየር ሰዓት በደቂቃ ተቆጥሮ ሲሰጠን ለሪባኑ ቆጣሪ የለውም። ድምፅ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው ቅስቀሳ ይቁም ሲባል የእኛ ሞንታርቦ ዝም ይላል፣ መንገዱና ስክሪኑ ግን መናገራቸውን ይቀጥላሉ። የእኛ ቅሬታ ዋናው ይህ ነው፤ በፖስተር ብዛት መበለጥ አያሳስበንም።

ለነገሩ ፖስተር ብዙ ላያሳምንም ይችላል። ካላና ብሩክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ 49 የመስክ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲያዩ በጠቅላላ ምርጫ ጊዜ ቅስቀሳ መራጭን ከአንዱ እጩ ወደ ሌላው የማዞር ኃይሉ በአማካይ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆኖ አገኙት። የአሜሪካ መራጭ አብዛኛው ፓርቲውን አስቀድሞ የያዘ ነው፤ የአዲስ አበባ መራጭ በ1997 እንዳሳየው ልቡን እስከ መጨረሻው ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደወረደ አንወስደውም። ሌላ የቆየ ሙከራ፣ ገርበርና ግሪን እ.ኤ.አ. በ1998 በኒው ሄቨን ከተማ ያደረጉት፣ የበለጠ ይጠቅመናል፦ ቤት ለቤት ሄዶ ፊት ለፊት ያነጋገረ ሰው መራጩን ወደ ጣቢያው እንዲሄድ አነሣሥቷል፤ ስልክ የደወለው ግን አላነሣሣም። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠየቅ መልስ መስጠት አለበት። ፖስተር አይጠየቅም።

ቀስቃሾቻችን በኮተቤ፣ በላምበረት፣ በቀበናና በፈረንሳይ ሰፈሮች በራችሁን ሲያንኳኩ ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ጠይቋቸው። ሽፋኑ ላይ የሚታየው ተራራ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ወጪው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጎዳ። መልስ ከሌላቸው «ፈገግታችሁን ይዛችሁ ተመለሱ» በሏቸው፤ አንቀየምም። ይህን ስንጽፍ ከራሳችን ሰዎች «ለጠላት መሣሪያ መስጠት ነው» የሚል ተቃውሞ ቀርቦብናል። ተቃዋሚ ሆነን የምንወቅሰውን ነገር እጃችን ሲገባ የምንሠራ ከሆነ መቃወማችን ምን ሊሆን ነው?

ያቺ «የጠየቀ አለ?» ያለችው የኮሚቴ አባል በሳምንቱ ማለዳ ተነሥታ ወደዚያው መንገድ ወጣች። ከሁለቱ እናቶች አንዷን ሸክሟን አሳርፋ አገኘቻት። ስለ ፎቶው ነገረቻት፤ እናትየው ሣቀች። «ፎቶው ምን ይሠራልኛል የኔ ልጅ» አለች፤ ቀጥላም «ይልቅስ ስታሸንፉ እንጨቱን ትከለክሉናላችሁ ወይስ ትተዉናላችሁ?» ብላ ጠየቀች። የደን ጠባቂ ያየ ዕለት ሸክሙ ይወሰዳል፣ ባዶ እጅ ይገባል።

ማኒፌስቶውን ገልጠን አየነው። የአካባቢ ጥበቃ ክፍሉ የእንጦጦን ደን እንጠብቃለን ይላል፤ የሥራ ፈጠራ ክፍሉ የከተማ ሴቶችን ገቢ እናሳድጋለን ይላል። ሁለቱን ያጻፍናቸው እኛው ነን፤ አንድ ሰው ጀርባ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ግን የትኛውም ገጽ አይናገርም። ወረቀቱ አንዴ ታትሟል። ጥያቄዋን እንዳለ ለየካ እጩዎቻችን ሰጥተናቸዋል፤ በሾላ በሚያደርጉት የመጀመሪያ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ከንግግራቸው በፊት ይመልሱታል። እናትየዋም ከእንጨቱ መልስ ሰዓት ከደረሰላት እመጣለሁ ብላለች።